ሞተሩን ማን አሞቀው?

በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ የስንቱን ሕፃን ግንባር ዳስሻለሁ። የመኪና ኮፈን ይሞቃል ወይ ብዬ የዳሰስኩት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ ደሴ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ሐይቅ የሚኖረው ትልቁ ልጄ የእህል መውቂያ ማሽን አለው። ማሽኑ በሁለት ጎማ የቆመ ስለሆነ መኪና ላይ ታስሮ ይጎተታል። አዝመራ ሲደርስ እስከ አምባሰል ገጠሮች ድረስ ይዞት ይዞራል። እስካሁን የሚጎትትለት መኪና እየተከራየ ትርፉን ለባለ መኪናው ሲያስረክብ ኖረ። ክረምት ሲገባም ማዳበሪያ ማመላለስ ይፈልጋል። ስለዚህ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ልግዛ ብሎ ተነሣ። ገንዘቡ ግን የእህቱ ነው። አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ በሰባት ዓመት ያጠራቀመችው ነው። "እማ፣ አንቺ ሳታዪው እንዳይገዛ" ብላ አደራውን እኔ ላይ ጣለችው።

"እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?" ስላት "ስንቱን ጭቃ በመኪና ስትወጪ ስትወርጂ አልኖርሽም እንዴ?" ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። ለክትባት ያልወጣሁበት ዳገት የለም። ከሁሉም ግን አንድ ሌሊት ከውስጤ አልወጣም። ወሩ ሐምሌ ነበር። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ወደ ሆስፒታል መላክ ነበረባት። የምንጠቀምበት መኪና ቀን ቀን ደህና ይሄዳል። በብርድ ግን አይነሣም ነበር። ሾፌሩ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ እያቆመ በግፊት እንደሚያስነሣው እኛ አናውቅም። ያን ሌሊት ደልዳላ ቦታ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ሰው ተጠራርቶ ገፍቶ እስኪያስነሣው አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። እናትየዋ መንገድ ላይ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ስጠየቅ "እንዴት ይሄዳል?" አልልም። "ጠዋት እንዴት ይነሣል?" ነው የምለው።

ደሴ ላይ ደላላው ያሳየን ነጭ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ ነበር። ቀለሙ ያበራል፤ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል። ልጄ ገና ሲያየው ልቡ ሄደ። ደላላው "ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ አታገኙትም" እያለ ያጣድፈናል። ክልከላው እውነት ነው፤ ጥድፊያው ግን የደላላው ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳደርግ ይፋጃል።

"ሞተሩን ማን አሞቀው?" አልኩ።

"እማማ፣ አሁን ከሰፈር ነድተን ስላመጣነው ነው።"

"እንግዲያው ነገ ማለዳ እንመለሳለን። እስከዚያ ማንም እንዳያስነሣው።"

ልጄ አፈረ። "እማ፣ መኪና እኮ በሽተኛ አይደለም" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ግን የትኩሳት ማውረጃ ውጦ የመጣን ሕፃን "ትኩሳት የለውም" ብዬ ወደ ቤቱ መልሼ አላውቅም።

በማግስቱ የምናውቃቸውን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዘን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ደረስን። እንዳጋጣሚ ቀድመናቸው ነበርና ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ብዙ ካጓራ በኋላ ተነሣ፤ ግቢው በጭስ ተሞላ። መካኒኩ ያስተማሩኝ ይኸውላችሁ። በብርድ ሲነሣ ትንሽ ነጭ ጭስ ቢታይ ችግር የለውም፤ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ወይም ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ አየር እንዳነሰው ወይም ናፍጣ እንደበዛበት ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

የዚያ መኪና ጭስ ሰማያዊ ነበር። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱት። ጭሱ ከውስጥ እየተገፋ ወጣ፤ ክዳኑም ከቦታው ይዘል ጀመር። "ፒስተኑ ደክሟል" አሉ። ከሥር ገብተው ሻንሲውን በባትሪ ሲያዩ ደግሞ በቀለም የተሸፈነ ብየዳ አገኙ። "ባዶውን ይሄዳል። ማሽን ሲጎተትበት ግን መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚህ ጋ ነው።"

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጄ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን "በሰው ፊት ልጅ አደረግሽኝ" አለኝ። አልካድኩም። ገለል አድርጌ መንገር ሲገባኝ ደላላው ፊት ነው የተናገርኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። "ገንዘቡ ግን የእኔም የአንተም አይደለም" አልኩት። ዝም አለ፤ ዝምታው ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

ሁለተኛው መኪና ውጫሌ ተገኘ። አሮጌ ሂሉክስ ነው፤ ኮምፒውተር የለውም፣ ተርቦም የለውም። ልጄ ተርቦ ያለው ነበር የሚፈልገው፤ ምክንያትም አለው። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። መካኒኩ ግን "ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣዋል። የአዲሶቹ ኢንጀክተር ውኃ የነካው የበርሜል ናፍጣ ሲያገኘው ይበላሻል፤ ማሠሪያውም ውድ ነው። የዚህን ፖምፓ ግን የትም ያለ መካኒክ ይፈታዋል" አሉት።

የመኪናው ባለቤት በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ናቸው። እኛ ሳንጠይቅ "ሁለተኛ ማርሹ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል። ባሌስትራው አንዴ ተሰብሮ ተቀይሯል። የሞተሩ ቺንጊያ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላው ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይጎዳል፣ ሳትቀይሩ ሩቅ እንዳትሄዱ" አሉን። ሕመሙን ሳይደብቅ የሚናገር በሽተኛ ግማሹን ሥራ ያቀልልናል።

ያም ሆኖ በማመን ብቻ አልገዛንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአገራችን ካለፈ ወዲህ የስንቱ ንብረት እጅ ቀይሯል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበትም አጣራን። ከዚያ ማሽኑን አስረን ዳገት አወጣነው፣ ቁልቁለትም አወረድነው። መጎተት ብቻ ሳይሆን ማቆምም አለና። ፎር ዊሉንም ጭቃ ውስጥ አስገብተን ሞከርነው። ውሉ የተፈረመው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ማለዳ ልጄ ዝናቡ ሳያባራ ሊወጣ ሲሰናዳ እህቱ ከአረብ አገር ደወለች። ስልኩን እንደያዘ ወደ መኪናው ሄደ። ከማስነሣቱ በፊት እጁን ኮፈኑ ላይ ሲያሳርፍ በመስኮት አየሁት።

"ማንም አላሞቀውም" አላት። "አሁን ስሚው።"