ገዳዩ ከቤት ሲገኝ

የወንጀል ድራማ የሚጥመው ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ነው ይባላል። ከታወቀ በኋላ ምን ቀረ? «ጥቁር ፍቅር»ን የተከታተለ ሰው ግን በዚህ አይስማማም። የዚያ ድራማ ከባዱ ክፍል የጀመረው ተመልካቹ ገዳዩን ካወቀ በኋላ ነው።

ለረሳችሁት ትንሽ ላስታውስ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር በአማርኛ ድምፅ ካቀረባቸው የቱርክ ድራማዎች አንዱ ነው። ኦመር ፖሊስ ነው። ከሩቋ የቫን ከተማ ወደ ኢስታንቡል የመጣው ሲቤል የምትባለውን ልጅ ሊያጭ ነበር። እሷ ግን ከአንድ ባለጸጋ ጋር መኪና ውስጥ በጥይት ተገድላ ተገኘች። ባለጸጋው የኤሊፍ አባት ነው። ሰው ሁሉ «በድብቅ ይዋደዱ ነበር» ብሎ ደመደመ። ኦመር አላምንም አለ። ኤሊፍ ደግሞ አባቷ የደበቀው አልማዝና የታገተችው እህቷ ጉዳይ እንቅልፍ ነስቷታል። ሁለቱ አብረው ገዳይ ፍለጋ ወጡ። ከዚያ አንድ ቀን እውነቱ ለተመልካቹ ብቻ ተገለጠ። ገዳዩ ሁሴን ነው፤ የኦመር ታላቅ ወንድም። እሱም ራሱ ፖሊስ።

ያንን ክፍል አሶሳ ውስጥ ሆና ያየች አንዲት ሴት ነበረች። ወላጆቿ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ናቸው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ እዚያው አደገች። ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ጠባብ ቤት ቡናና ሻይ ትሸጣለች። ግድግዳው ላይ አንድ ቴሌቪዥን፣ ጣሪያው ላይ አንድ ዲሽ አላት። መብራት ካልጠፋ ማታ ማታ ቤቱ ይሞላል። ሹፌሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከኩርሙክ የገባ መንገደኛ፣ ማንጎዋን ሸጣ ከመሄዷ በፊት አረፍ ያለች የበርታ እናት፣ ሁሉም አንድ ላይ ያያል። አማርኛው ለፈጠነበት ሰው አጠገቡ ያለው በበርታኛ ያስረዳዋል።

ከዚያ ክፍል በፊት በዚያ ቤት እንደ እሷ ጨካኝ ዳኛ አልነበረም። ገዳዩ ማንም ይሁን ማን ይሰቀል ባይ ናት። የማትጠረጥረው ሰው አልነበረም። አንዱ ሹፌር «እትዬ፣ አንቺን ነበር ፖሊስ ማድረግ» እያለ ያስቃት ነበር።

የሁሴን ነገር ሲገለጥ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች።

«አያደርገውም» አለች። «ሁሴን ይህን አያደርገውም።»

«እትዬ፣ አሁን በዓይንሽ አየሽው እኮ!»

«ቢያደርገውም ተገዶ ነው።»

በማግስቱ «ሚስት አለችው፤ እናትየውስ ምን ትሁን? ሁለቱም ልጆቿ ናቸው» ማለት ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ «ምነው ኦመር ባይሰማ» ላይ ደረሰች። ይሰቀል ስትል የከረመችው ሴት አሁን መርማሪው እንዳይሳካለት ትጸልይ ነበር። ኦመር አንድ ማስረጃ ባገኘ ቁጥር ቀድሞ ታጨበጭብ የነበረችው አሁን ፊቷን ታዞራለች።

ይህ የእሷ ብቻ ድክመት አይደለም። በ«ሰው ለሰው» ጊዜ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አገር ሁሉ ፈርቶታል፤ በተንኮሉም ተደንቋል። አስናቀን መፍራትም ሆነ ማድነቅ ግን የሚያስከፍለው ነገር አልነበረም። አስናቀ የሌላ ዓለም ሰው ነው፤ የማናውቀው ሀብታም፣ የማንገባበት ግቢ። ሁሴን ግን ማዕድ ቆርሶ የሚያጎርስ ታላቅ ወንድም ነው። ክፋቱ የመጣው ከጓዳ ነው። ለሩቅ ሰው ክፋት ፍርድ አናጣም፤ ለቤት ሰው ክፋት ግን ቀድሞ የሚመጣልን ምክንያት ነው።

ስለ ርእሱም አንድ ነገር አለ። ድራማው በቱርክኛ «ካራ ፓራ አሽክ» ነው የሚባለው። ቃል በቃል ሲፈታ ጥቁር ገንዘብ፣ ፍቅር ማለት ነው። በአማርኛው ጥቁሩም ፍቅሩም ቀርተዋል፤ የወደቀው ገንዘቡ ነው። የአሶሳ ሰው ከሦስቱ ቃላት በደንብ የሚያውቀው ግን የወደቀውን ነው። መንጌና ኩርሙክ ውስጥ ከወንዝ ዳር አሸዋ እያጠበ ወርቅ የሚያወጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ሕጉ ወርቁ ለብሔራዊ ባንክ እንዲገባ ይላል። ነገር ግን ከጉድጓዱ እስከ ባንኩ ብዙ እጅ አለ፤ የሱዳን ድንበርም ሩቅ አይደለም። በዚያ መንገድ ማን ምን እንደሚያገኝ ሁሉም በሹክሹክታ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም።

የሴትየዋ ታላቅ ወንድም ከእነዚያ እጆች አንዱ ነው። ወርቅ ይገዛል። ለቤተሰቡ ደግ ነው። የእናቱን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰ፣ የእህቱን ልጆች ያስተማረ፣ ያቺን ጠባብ ቤት የተከራየላት፣ ቴሌቪዥኑንም የገዛላት እሱ ነው። አንዲት ወርቅ አጣቢ እናት ግን ቡና ልትጠጣ በገባች ቁጥር አንድ ቃል ጣል ታደርግ ነበር፤ «የወንድምሽ ሚዛን ያቀላል።» ሴትየዋ ይህን ለዓመታት ሰምታለች። መልሷ ምንጊዜም አንድ ነበር፤ ለእናትየዋ ቡናውን በነጻ መስጠት። ወንድሟን ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ሁሴን ከታወቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድምየው ለቡና ጎራ ብሎ ድራማውን አብሮ አየ። ሳቀ። «ይሄ ሁሴን ጅል ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ እንዲህ አይሠራም» አለ። ቤቱም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ሲኒ እያጠበች፣ ፊቱን ሳታይ፣ «ጋሼ፣ ሚዛንህ ልክ ነው?» አለችው።

እሱም «ይህን ቴሌቪዥን ማን ገዛልሽ?» አላት።

ሌላ ቃል አልተናገረም። ለብዙ ሳምንት ወደዚያ ቤት አልመጣም። የእሱ አለመምጣት ለእሷ ቀላል አልነበረም፤ የቤቱ ኪራይ ሲደርስም ሳይደርስም ትዝ ይላት ነበር። ጥያቄውን ግን አልሳበችም። ያቺ ወርቅ አጣቢ እናት ስትመጣም ቡናውን በነጻ መስጠት ተወች። ሒሳቡን ተቀበለቻትና «እውነትሽን ሳይሆን አይቀርም» አለቻት። ለዚያች እናት ይህ ከነጻ ቡና ይበልጥባት ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። አንድ ድራማ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የወንድምና የእህት ኩርፊያ። ነገር ግን ይህ ክልል ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያየውን አስቡት። በካማሺና በመተከል ስንት ሰው አለቀ፣ ስንቱ ተፈናቀለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። በዚያው ሰሞን ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ተጠርጥረው መታሰራቸው ተነግሯል። ጠብቁን የተባለው ሰው ራሱ ተጠርጣሪ ሲሆን ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ በየሻይ ቤቱ የሚሰማውን ወሬ አዳምጡ። ሁሉም ገዳይ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የወዲያኛውን ወገን ገዳይ ነው። የእነሱን ገዳዮች በቁጥር፣ በቀበሌ፣ በቀን ይነግርሃል። ስለ ራሱ ወገን ስትጠይቀው ቋንቋው ይቀየራል። «ልጆቻችን ተገደው ነው»፣ «ቀድመው የነኩን እነሱ ናቸው»፣ «እናታቸውስ ምን ትሁን?» እያንዳንዱ ወገን የራሱ ሁሴን አለው፤ እያንዳንዱም ምነው ኦመር ባይሰማ እያለ ይጸልያል። ሁሉም የወዲያኛውን ብቻ የሚከስስ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ አይዘጋም። ሟቾቹም ያለ ገዳይ ይቀራሉ።

ገመና ይሸፈናል የሚል ትምህርት አለን፤ ክፉ ትምህርትም አይደለም። የወንድምን ድህነት፣ የእህትን ትዳር፣ የቤትን ጠብ ሸፍኖ መያዝ ደግነት ነው። ደም ግን ገመና አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ ደም፣ የሌላ ሰው እናት ድካም ከእኛ ጓዳ ቢገኝም የእኛ ገመና አይሆንም፤ ባለቤቱ ሌላ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በብዙ የአገራችን ክፍል ደም የሚደርቀው የሟች ወገን ገዳዩን አሳድዶ ስለያዘ አይደለም። የገዳዩ ቤተሰብ ራሱ ሽማግሌ ልኮ፣ «ልጃችን አጥፍቷል» ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ነው። ዕርቁ የሚጀምረው ከገዳዩ ቤት በሚወጣ ቃል ነው። ያ ቃል ካልወጣ ሽማግሌውም ዳኛውም ብዙ የሚሠራው የለም።

ኦመርን ጎበዝ ያሰኘው አሻራና ጥይት መመርመሩ አይደለም፤ ያንን ማንም ፖሊስ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ማስረጃ ወደ ራሱ ቤት በር እየመራው ሳለ መራመዱን አለማቆሙ ነው። እኛ ሶፋና በርጩማ ላይ ተቀምጠን «አይሂድ» ስንል እሱ ይሄዳል። ያቺ የአሶሳ ሴትም ከመርማሪ ሁሉ የከበደውን ጥያቄ የጠየቀችው ሲኒ እያጠበች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ነው።

እናንተስ ከቤታችሁ ሳትጠይቁት ያለፋችሁት ማንን ነው?