ቡቺ ቤት ነው?

ሰሞኑን ሰዎች «ምን እየሠራችሁ ነው?» ሲሉን መልሳችንን ዋጥ ማድረግ ጀምረናል። እውነቱን የተናገርን እንደሆነ ሳቅ ይከተላላ! «የውሻ አፕ?» … ሳቅ። «ለሰው ሳይበቃ ለውሻ?» … አሁንም ሳቅ። እንግዲህ እናንተም ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

እኛ ሦስት ነን። አንዱ ኮድ ይጽፋል። አንዷ ትሥላለች፤ ዲዛይን የሚባለው የእሷ ድርሻ ነው። ሦስተኛዋ ይህችን የምትጫጭርላችሁ ስትሆን፣ ጋዜጠኝነት ተምራ ከተመረቀች በኋላ ሥራ ፍለጋ ጫማ ስትጨርስ የከረመች ናት። «ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ቃላት አንቺ ትጽፊያለሽ» ተባለችና ገባች። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ «ቤት ነው» እና «ወጥቷል» ብሎ መጻፍ! (እዚህ ጋ መሳቅ ይፈቀዳል።)

ውሻው ቡቺ ይባላል። የኮድ ጸሐፊያችን እናት ውሻ ነው። እማማ ጉለሌ ካለ አንድ አሮጌ ግቢ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወጥተው አልቀዋል። ቡቺ ለእሳቸው ዘበኛም ነው፣ የማታ ወሬ አዳማጭም ነው። የግቢው በር ግን አርጅቷል፤ ነፋስ ገፋ ሲያደርገው ይከፈታል። ቡቺ ሁለት ጊዜ ወጥቶ መኪና ለጥቂት ነው የሳተው። ልጃቸው ታዲያ ለመኪና የሚሸጠውን ትንሽ ጂፒኤስ፣ ሲም ካርድ የሚገባበትን፣ ገዝቶ አንገቱ ላይ አሰረለት። የአፕል ኤርታግ የሚባለውንም አስበነው ነበር። ነገር ግን ኤርታግ በራሱ ቦታውን አያውቅም፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የአፕል ስልክ ነው የሚያሳብቅለት። እማማ ሰፈር የአይፎን መዓት የለም። ድርጅቱ ራሱም በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ለዕቃ እንጂ ለእንስሳ እንዳልሠራው ተናግሯል።

የመጀመሪያውን ስክሪን ስንሠራ የፈረንጆቹን አፖች አየንና ያየነውን ሁሉ ጨመርን። ካርታ አለ፣ ካርታው ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለ፣ የባትሪ መቶኛ አለ፣ ቡቺ ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያሳይ ግራፍ አለ። ቆንጆ ነበር። ይዘንላቸው ሄድን።

እማማ ሊጥ እያቦኩ ነበር። አንድ እጃቸውን ጠረግ አደረጉና ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው ያዙት። መነጽር ተፈለገ። መነጽሩ ሲገኝ ስክሪኑ ጠፋ። ስክሪኑ ሲበራ ካርታው ገና ይጫናል። በመጨረሻ ቀና ብለው፣

«አንቺ ጋዜጠኛዋ፣» አሉ፤ «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? ቡቺ የታለ?»

ቡቺ እግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ማንም አልተናገረም። የሰው ልጅ ስለ ውሻው ስልኩን ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እኛ ያልተጠየቅነውን ዐሥር መልስ ሰጥተን፣ የተጠየቅነውን ካርታ ውስጥ ቀብረነዋል።

ከዚያ ማንበብ ያዝን። አየት አድርጎ ስለማለፍ ዓለም ብዙ ለፍቶበታል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ለመኪና ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ፣ መኪና ውስጥ ያለ ስክሪን የሹፌሩን ዓይን በአንድ ጊዜ ከ2 ሴኮንድ በላይ ከመንገድ እንዳይነጥቅ መክሯል። ሁለት ሴኮንድ! የእኛ ካርታ ገና ሳይጫን ያልቃል። አፕልም በ2015 እ.ኤ.አ. የእጅ ሰዓቱን ሲያወጣ «ግላንስ» ያላቸው ትንንሽ ገጾች ነበሩት። ስማቸው «አየት ማድረጊያ» ነበር፤ መረጃው እስኪመጣ ግን እጅን አንስቶ መጠበቅ ነበረበት። በዓመቱ ቀሩ።

ከሁሉ የገረመን ግን የገመዱ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ናታሊ ጀረሚጄንኮ የምትባል አርቲስት ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠጋ የፕላስቲክ ገመድ ከጣሪያ አንጠለጠለች። ከላይ ትንሽ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ከመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር መስመር ጋር ተያይዟል። መስመሩ ሲጨናነቅ ገመዱ እየጮኸ ይሽከረከራል። ጭር ሲል አልፎ አልፎ ንቅንቅ ይላል። በቃ። ቁጥር የለ፣ ግራፍ የለ። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሳይቆም ያውቃል። ማርክ ዋይዘርና ጆን ሲሊ ብራውን የተባሉት የማዕከሉ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ነገር «የተረጋጋ ቴክኖሎጂ» ብለው ጻፉለት። እኛም «ለእማማ ገመዱን እንሥራላቸው!» አልን።

ሠራንም። አፑን መክፈት ቀረ። ስልኩ ሲበራ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ክብ፤ አረንጓዴ ከሆነ «ቤት ነው»፣ ቀይ ከሆነ «ወጥቷል»። መጀመሪያ «ውሻዎ በአሁኑ ሰዓት በመኖሪያ ግቢዎ ውስጥ ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፈን ነበር (ዩኒቨርሲቲ የተማርነው እንደዚያ ነዋ!)፤ ሁለት ቃል አደረግነው። እማማ ከሩቅ፣ ያለ መነጽር፣ ሊጥ በእጃቸው ይዘው አዩት። «አሁን ገና ሰው ሆናችሁ» አሉን። ቡና ተፈላ። እኛም እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሰን ጠጣን።

ቀጥሎ የሚመጣውን መጻፍ አንወድም፤ ግን የጀመርነው ለዚሁ ነው።

አንድ ቀን እማማ ጎረቤት ለቅሶ ውለው አመሹ። ሲመለሱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ደክሟቸዋል። ወትሮ ቢሆን ደጃፍ ቆመው «ቡቺ! ና!» ብለው ይጣራሉ፣ ትርፍራፊውን ይሰጡታል። ያን ማታ ግን ስልካቸውን አዩ። አረንጓዴ። «ቤት ነው»። ጓዳ ጀርባ ተኝቷል ብለው እሳቸውም ተኙ።

ቡቺ ቤት አልነበረም። አንገቱ ላይ ያለው ጂፒኤስ ባትሪው ያለቀው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ ቡቺ ግቢ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻው መልእክት «ቤት ነው» ሆነ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም፤ እኛ ደግሞ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ስክሪኑ ምን እንደሚል አላሰብንም ነበር። እናም ስክሪኑ የሚያውቀውን የመጨረሻ ወሬ፣ እንደ ትኩስ ወሬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲናገር አደረ።

ጠዋት ተጠርተን ሄድን። እማማ አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። «ስልኩ እኮ ቤት ነው ብሎኝ ነበር» አሉ፤ ደግመው «ቤት ነው ብሎኝ ነበር»። ይህች ሴትዮ ዕድሜ ልካቸውን ውሻቸውን በጆሯቸው ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ጆሯቸውን አስጥለን የእኛን ክብ ሰጠናቸው፤ ክቧ ዋሸቻቸው።

ፍለጋ ወጣን። እማማ «ሥጋ ቤቱ ጋ ሂዱ፣ ጠረኑን ይወዳል» ብለውን ነበር። እኛ ግን ስልክ ይዘን ካርታ ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ነጥብ ዙሪያ ስንዞር ዋልን። ነጥቧ ያለችው ግቢው ውስጥ ነው! በሁለተኛው ቀን እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ራሳቸው ሄዱ። ቡቺ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ የኋላ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ አገኙት። ተርፏል። እግሩ ግን እንደ ጥንቱ አልሆነም፤ ዛሬም ያነክሳል። እሱ ባነከሰ ቁጥር ሦስታችንም መሬት መሬት እናያለን።

ጋዜጠኝነት የተማረችው በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ ማፈር ነበረባት። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ነው እኮ! ዜና ቀን ከሌለው ዜና አይደለም። ርዕሱ ምንም ቢያጥር፣ አንባቢው አየት አድርጎ ቢያልፍ እንኳ፣ ወሬው የመቼ እንደሆነ ማወቅ አለበት። እኛ ቀን የሌለው ርዕስ ጽፈን ስልክ ላይ ለጠፍን። ያሳጠርነው ቃሉን ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ እውነቱንም አብረን ቆርጠነዋል።

አሁን ክቡ ሦስት ቃል ያውቃል፦ «ቤት ነው»፣ «ወጥቷል»፣ «አላውቅም»። ስለ ሦስተኛው ቃል ክፉኛ ተጣልተናል። «አላውቅም የሚል አፕ ማን ይገዛል?» አለ ኮድ ጸሐፊያችን። ሠዓሊዋ «እናትህ» አለችው። ጭቅጭቁ እዚያ ላይ አበቃ። ከጂፒኤሱ ወሬ ሳይመጣ ሲቆይ አረንጓዴው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግራጫ ይሆናል። ቀለም መለየት የሚቸገር ሰውም እንዲያየው ቅርጹ አብሮ ይለወጣል፤ ሙሉ የነበረው ክብ ባዶ ቀለበት ይሆናል።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ ከሥሩ «3:10» ብለን ጻፍን። ስልኩ ሊል የፈለገው እኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር የምንለውን ነው። እማማ ግን ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ሀገራቸው ነውና፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ብለው አነበቡት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ልዩነት! ስለዚህ ሰዓት መጻፉን ትተን «ከ10 ደቂቃ በፊት» ማለት ጀመርን። ይህ በማንም አቆጣጠር ያው ነው።

አንድ ያልፈታነው ነገር አለ፤ አንዋሻችሁም። ጂፒኤስ ሰማይ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ እንኳ ወደ አምስት ሜትር ገደማ ይስታል፤ ግንብና ቆርቆሮ ሥር ይብስበታል። ቡቺ አጥር ጥግ በተኛ ቁጥር ስልኩ «ወጥቷል … ቤት ነው … ወጥቷል» እያለ እማማን ያስደነግጥ ነበር። አሁን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ውጭ ካላገኘው አይጮኽም። ይህ ደግሞ ያዘገየዋል። ቶሎ ተናግሮ በከንቱ ማስደንገጥ ይሻላል ወይስ ዘግይቶ እርግጠኛ መሆን? ጋዜጠኛም በየቀኑ የሚጨነቅባት ጥያቄ ናት፤ መልስ ያላችሁ ጻፉልን።

ባለፈው እሑድ እማማ ቤት ነበርን። ቡና እየተፈላ ስልኩ በራ። ቀለበቱ ግራጫ ነው፤ ኔትወርክ ጠፍቷል። «አላውቅም» ይላል። እኛ ሦስታችን አንገታችንን ደፋን።

እማማ ስልኩን አየት አደረጉት፤ ሁለት ሴኮንድ አይሞላም። ጀበናውን አስቀመጡ፣ ተነሡ፣ ደጃፍ ወጡና «ቡቺ! ና!» ብለው ተጣሩ።

እያነከሰ መጣ።

ቸር እንሰንብት።