«አቦል»ን ፍለጋ በደብረ ታቦር ሰማይ ሥር

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደብረ ታቦር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከከተማዋ ባሻገር ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወዳሠሩበት ወደ ጋፋት ነው። ዛሬ የምንጋብዛችሁ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ደብረ ታቦር ነው።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ዝቅ ብሎ ይታያል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በጭብጣችሁ ብትለኩት ከአድማስ በላይ ከአንድ ጭብጥ ብዙም አይበልጥም። በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ደግሞ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል ይወጣል። አውሮፓ ያለ ልጅ የደቡብ መስቀልን፣ አውስትራሊያ ያለ ልጅ የሰሜን ኮከብን ከደጁ ሆኖ አያይም። የደብረ ታቦር ልጅ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ያያል።

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በተለይ በኅዳር ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ አንድሮሜዳ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ፈልጉ። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። እዚያ በዓይን ብቻ እንደ ደብዛዛ ጉም የሚታየው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል።

በዚያው ስብስብ ውስጥ የአማርኛ ስም ያለው ኮከብም አለ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከኢትዮጵያ የቀረበለትን ስም ተቀብሎ ኮከቡን «ቡና»፣ የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብሎ ሰይሟል። አቦል በትንሽ ቴሌስኮፕ አትታይም፤ ቡና ግን ይታያል። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 200 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ ማታ የምታዩት ብርሃን ጉዞውን ሲጀምር ቴዎድሮስ ገና ካሳ የሚባል ልጅ ነበር።

ፎቶ ለማንሳት ከጨረቃ ጀምሩ፤ ስልክን የቴሌስኮፑ ማያ ላይ ማስጠጋት ይበቃል። ለጋላክሲ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ምድር ስለምትሽከረከር ካሜራው ብዙ ሲቆይ ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ። ስለዚህ ቴሌስኮፑ ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ ላይ ይደረጋል። የመቆሚያው ዘንግ እዚህ በ12 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ ወደ ሰሜን መዞር አለበት፤ ባሕር ዛፍ ወይም የጎረቤት ጣሪያ የሰሜን ኮከብን እንዳይጋርድ ቦታ ምረጡ። ከዚያ 30 ሰከንድ የሚፈጁ 60 ፎቶዎች አንስታችሁ ዲፕ ስካይ ስታከር በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ብትደራርቧቸው፣ በዓይን ያልታየው የጋላክሲው ክንድ ብቅ ይላል። ጋቢ አትርሱ፤ የደጋው ሌሊት ይበርዳል። ልጆች ቴሌስኮፑን በቀን ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩት አደራ፤ ዓይን ያጠፋል።

ጨለማ ፍለጋ ሌሊት ተራራ መውጣት በዚህ ጊዜ አይመከርም፤ ግቢ ይበቃል። ችግሩ የግቢውም ጨለማ እየሳሳ መሄዱ ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከሥራቸው ያለው የአዲስ አበባ መብራት ግን ደካማ ከዋክብትን ይሸፍናል። ደብረ ታቦርም እያደገች ነው። መብራት ይጥፋ አንልም፤ የበረንዳው አምፖል ክዳን ተደርጎለት ወደ መሬት ብቻ ቢያበራ መንገዱም ይታያል፣ ሰማዩም ይተርፋል።

ሰዓት በሌለበት ዘመን ያደጉ አያቶች ሌሊቱ መጋመሱን በከዋክብት ያውቁ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ካሜራውን ያውቃሉ። ሁለቱ በአንድ ግቢ እንዲቀመጡ አንድ ምሽት አምፖሉን አጥፉላቸው፤ የቡናው አቦል እስኪወርድ ዓይናቸው ጨለማውን ይለምዳል።