ሆቴሉን የመረጥኩት በምክንያት ነው

ባለፈው ዓመት ወደ ሮቤ ለመሄድ ስዘጋጅ አንዲት ወዳጄ፣ «ሆቴል ምን ያደርግልሻል? ዕቃው የተሟላለት የኪራይ ቤት አለ፤ ወጥ ቤት አለው፤ የሦስት ቀኑ ሒሳብ የሆቴሉን ሁለት ቀን አያክልም» አለችኝ። ሒሳቧ ትክክል ነበር። እኔ ግን ዐሥር ያህል ክፍሎች ብቻ ያሉትን አነስተኛ ሆቴል መረጥኩ። «ገንዘብ መበተን ትወጃለሽ» ብላ አሾፈችብኝ። እስኪ አንባቢ ይፍረድ።

ሮቤ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። ከሲናና የስንዴ ሜዳ ተነሥቶ ማታ ማታ በበር ሥር ሾልኮ የሚገባው ብርድ ቀልድ አያውቅም። በዚህ ላይ ውኃ ሲቋረጥ የኪራይ ቤት ጣጣው የተከራዩ ነው፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ከማለት ሌላ ምን ያደርጋል? ሆቴሉ ግን በርሜል ነበረው፤ ሙቅ ውኃ በባልዲ ይዛ ደረጃውን የምትወጣ ልጅም ነበረችው።

ይህ ግን ትንሹ ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ከምቾት አስቀድማ የምትፈልገው ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው። የኪራይ ቤት ቁልፍ ሲሰጠኝ ሁልጊዜ የማስበው ሌላው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ነው። ጎረቤትም አለ፤ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» እያለ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ የሚያይ። ሆቴል መታወቂያሽን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ የክፍል ቁጥር ይሰጥሻል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰል የሚሞቁት አዛውንት ዘበኛ ከመጀመሪያዋ ማታ ጀምሮ «ኦቦሌቲ» ይሉኝ ነበር፤ እህት ማለታቸው ነው።

ከሁሉ የበለጠው የምግብ አዳራሹ ነው። ስድስት ጠረጴዛ ቢኖረው ነው፤ ስለዚህ ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ ግዴታ ነበር። አዝመራ የሚሰበሰብበት ወቅት በመሆኑ የኮምባይነር ሾፌሮች፣ የእህል ነጋዴዎችና የግብርና ባለሙያዎች ሞልተውታል። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚያመርት፣ አንዱን ወቅት ጋና፣ ሌላውን ቦና እንደሚሉት የሰማሁት ቅቤ የጠገበ ጩኮ ካካፈለኝ አንድ የኮምባይነር ሾፌር ነው። ማሽኑን ይዞ እህል በደረሰበት አገር ሁሉ ይዞራል። ቤቱን በዓመት ስንት ቀን እንደሚያየው ስጠይቀው፣ «ቤቴማ ይኸው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚሄደው አውቶቡስ ከጎባ ማለዳ እንደሚነሣ የነገረኝም እሱ ነው። የኪራይ ቤት ውስጥ ብሆን ይህን ማን ይነግረኝ ነበር? ምድጃው?

የኪራይ ቤት አይረባም ማለቴ አይደለም። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ፣ ወይም ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በቡድን ሲያልፍ በአንድ ድስት አብስሎ መብላት ለሚሻ መንገደኛ ሆቴል ኪስ ከማራቆት በስተቀር አይበጀውም። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህ የተነሣ መንገደኛ ይበዛል የሚል ተስፋ አለ። ይበዛ ይሆናል። ግን የት ያድራል? እኔ የከፈልኩት ለዘበኛው፣ ለአስተናጋጇ፣ ማለዳ ማለዳ ወተት ለምታመጣው ሴት ሲዳረስ በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያ ቤት ኪራይ ቢሆን ግን አዲስ አበባ አንድ ሰው ኪስ ገብቶ ይቀር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። «ኦቦሌቲ፣ ተነሺ፤ መኪናው ያመልጥሻል!» ዘበኛው ናቸው። ባጃጅ አስጠርተው በር ላይ አቁመዋል፤ ሾፌሩን «አደራ» ሲሉትም ሰማሁ። ጎባ መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ውርጩ ገና ሳይቀልጥ አንዲት ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጣ ዞር ብላ አየችን፤ ሾፌሩም ቀስ አለላት።