«የማን ነው?»

በአገራችን ውሻና ገመድ የተዋወቁት ለመሄድ አይደለም፤ ለመቆም ነው። ውሻው ቀን በአጥር ጥግ ይታሰራል፤ ሲመሽ ይፈታል፤ ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮ ሲነጋ ተመልሶ ይታሰራል። ገመድ ማለት እንግዲህ «እዚህ ሁን» ማለት ነው። ውሻን በገመድ ይዞ መንገድ ወጥቶ መንሸራሸር፣ ለዚያውም ሰው በሚጋፋበት መንገድ፣ ለብዙዎቻችን የፈረንጅ ወይም የባለጸጋ ነገር ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው ስናወራ እንኳ የምናወራው እንደ ቤተ መንግሥት ወሬ እንጂ እንደ ሰው ልማድ አይደለም።

ዛሬ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት የተነጠፉትን ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ያየ ያውቀዋል። ሲመሽ ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ ብንወርድ ፎቶ የሚነሳው፣ ብስክሌት የሚነዳው ልጅ፣ ከሥራ የሚመለሰው፣ ሁሉም እዚያው ላይ ነው። አልፎ አልፎም ውሻውን በማሰሪያ ይዞ የሚሄድ ወጣት እናያለን። ያን ጊዜ የሚታየው ውሻው ሳይሆን ሰዉ ነው። እኩሌታው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ እኩሌታው ስልኩን ያወጣል፤ ሕፃኑ እናቱ ጉያ ይገባል። «ሕዝባችን ውሻ አያውቅም እኮ!» እያሉ የሚስቁ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን አንስቅም። ከዚያ በጠበበና ሰው በባሰበት መንገድ ላይ ውሻ ይዘን ሄደን አይተነዋልና፤ በግሸን መንገድ።

ግሸንን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገረው። ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ምድር ያለ፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ነው። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት መሆኑ ስለሚታመን መስከረም 21 ቀን የማርያም በዓል ሲደርስ ሕዝቡ ከአራቱም ማዕዘን ይጎርፋል። በድሮው ዘመን ደግሞ የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተግዘው የሚቀመጡበት ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. ከመንገሣቸው በፊት እዚያው ታግደው እንደነበር ይነገራል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የአምባው ጥበቃ ምን ያህል የጠበቀ እንደነበር ጽፎ አልፏል።

እኛ አምስት ነበርን። ሦስታችን የወሎ ልጆች፤ አንዱ የጎጃም፤ አንዷ ደግሞ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የሆነች የአዲስ አበባ ልጅ። ሀይቅ አካባቢ ካለው የአንዳችን አጎት ቤት አደርን። ሲነጋ ጋሼ ቁርሳችንን እየጠበቁ «ልጆቼ፣ መቼም መንገዳችሁ ነው፤ መቻልን ለወንድሜ አድርሱልኝ» አሉን። ወንድማቸው ከአምባው ሥር ነው ኑሯቸው፤ ጅብ ሁለት ጥጃ በልቶባቸዋል። መቻል ማለት ዳማ መልክ ያለው፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ነው። ስሙ ደግሞ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነው። በአገራችን ባለቤቱ ለሰው በግልጽ ያልተናገረውን በውሻው ስም ጠርቶ ይናገር የለ!

የሐኪሟ ልጅ ገመዱን ሳትቀበል በፊት «ጋሼ፣ ክትባት ወስዷል?» አለች። ጋሼ ከት ብለው ሳቁና ከመደቡ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ አወጡ። ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ በየዓመቱ እንደሚያስከትቡት ተጽፎበታል። «እናንተ የተማራችሁት ብቻ ናችሁ የምታውቁት?» አሉ። እኛም ሳቅን።

እስከ መገንጠያው በአይሱዙ ጭነት ላይ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። መንገዱ ነጭ ለብሷል። ነጠላ፣ ዱላ፣ ስንቅ፣ የታዘለ ሕፃን፣ በምርኩዝ የሚያዘግም ሽማግሌ። በዚያ ሁሉ መሐል እኛና መቻል። «ውሻ ይዛችሁ ወደ ማርያም?» ያላለን የለም። ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ እየተባለ ሲተረት ያደገ ሕዝብ ቢገረም አይፈረድበትም። «አይገባም፤ ከሥር ነው የሚቀረው» እያልን መልስ ስንሰጥ አፋችን ደረቀ። አንድ መንደር ላይ ለምእመናኑ ውሃና ቆሎ የሚያድሉ አንድ ሙስሊም አባት አገኘን። የመቻል አፍንጫ ለውዱእ የታጠቡትን እንዳይነካቸው የሽርጣቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉ፤ ግን ቆሎውን አፍሰው ሰጡን፤ ለእሱም የደረቀ ቂጣ ወረወሩለት። በወሎ ምድር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኛን የገረመን ሌላ ነው፦ ያቺ የሽርጥ ጫፍ ስትሰበሰብ ጥላቻ አልነበረባትም። ርቀት ብቻ ነበረች፤ መንገድ ላይ ደግሞ ርቀት ብዙ ጊዜ ጨዋነት ነው።

ከቀትር በኋላ ዳገቱ ተጀመረ። ፀሐዩ ከረረ። መቻል ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ለሃጩ ይንጠባጠባል። ድንገት ከኋላችን አንድ ድምፅ «እብድ ውሻ!» አለ።

ያቺ ቃል እንዴት እንደምትሮጥ ያላየ አያውቅም። እዚያ ጋ መንገዱ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል ነው። ከፊት ያለው ወደ ኋላ፣ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ተገፋፋ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ወደ ገደሉ አፋፍ ስትንሸራተት አንድ ጎረምሳ ክንዷን ይዞ መለሳት። ድንጋይ ያነሱ እጆች አየን። ማን እንዳዘዘን እንጃ፤ ሁለታችን መቻልን ከቋጥኙ አስጠግተን ከፊቱ ቁጭ አልን፤ ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን በገደሉ ወገን ቆምን። የሐኪሟ ልጅ ካርዱን ከፍ አድርጋ «ተከትቧል! ደክሞት ነው!» ትላለች። በዚያ ሰዓት ካርድ ማን ያነባል?

ድንጋይ የያዘ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ «የማን ነው?» አለን።

«የእኛ ነው» አልን፣ አምስታችንም ባንድ አፍ።

እውነቱን ለመናገር የእኛ አልነበረም። ከተዋወቅነው አንድ ቀን አልሞላውም። ግን ቃሉ ከአፋችን ከወጣ በኋላ የእኛ ሆነ። ሰውዬውም ድንጋዩን አልጣለም፤ ክንዱን ግን ዝቅ አደረገ። ይህን ጊዜ አንዲት እማማ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡና ሃይላንዳቸውን ሰጡን፤ «አጠጡት፣ እንየው» አሉ። በድንጋዩ ስርጉድ ውስጥ ብናፈስለት መቻል ላጥ ላጥ አድርጎ ጠጣ። «ጠጣ! ጠጣ! እብድ አይደለም!» ተባለ፤ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ሰዉም «እመቤቴ ታውቃለች» እያለ መንገዱን ቀጠለ።

ማታ መቻልን ለአዲሱ ጌታው አስረክበን እሳት ዳር ስንቀመጥ የሐኪሟ ልጅ ያልጠበቅነውን ነገረችን። የውሃው ፈተና አይታመንም። ውሃ መፍራት በበሽታው በተያዘ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ የታመመ ውሻ ግን ውሃ ሊጠጣም ይችላል። እማማ ያዳኑን በእርጋታቸው ነው እንጂ በውሃው አይደለም። ውሻው ጤነኛ ለመሆኑ ዋስትና የነበረው ማንም ያላነበበው ካርድ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ፈሪ ነው እንበል? አንልም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ሰው ይገድላል። ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበቤ ዛሬም ውሻ ሲነክሰው «ፓስተር ሂድ» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከከተበ ወዲህ መድኃኒቱ አለ፤ የጎደለው ከገጠሩ ሰው ጋር መገናኘቱ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ክትባት ፍለጋ መሄድ አለበት። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አያስቀር። ከውሾቹ ደግሞ ከመቶ 70 ያህሉ በየጊዜው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል ይላሉ ባለሙያዎቹ።

ድንጋይ ያነሳው ሰውዬ እንግዲህ ጨካኝ አልነበረም። ሌላ መከላከያ በእጁ አልነበረውም። «የማን ነው?» ብሎ መጠየቁም ከአዋቂ የሚጠበቅ ጥያቄ ነው። ገመዱ የሚያስፈልገው ለዚሁ መልስ ነው። ውሻ በገመድ የያዘ ሰው «ይህ ቢነክስ እኔን ጠይቁኝ» እያለ የሚሄድ ሰው ነው። አዲስ አበባ በተነጠፈው መንገድ ላይ ማሰሪያ ያማረ ወጣት ይህን ቢያውቅ፣ ገመዱን ሰብሰብ አድርጎ በዳር ቢሄድ፣ ወደ አስፋልቱ የምትወርደውን እናት «አይዞሽ፣ ተከትቧል፤ አንቺ በውስጥ እለፊ» ቢላት፣ መንገዱ ለሁሉም ይበቃ ነበር። የሚፈራውን ሰው መሳቂያ ማድረግ ግን መንገዱን ለባለ ውሻው ብቻ መስጠት ነው።

አንድ ሐሳብ አለን። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ፓስተር ባረፈበት ዕለት፣ በሴፕቴምበር 28 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ነው፤ ከግሸን ማርያም ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማለት ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት የአምባሰል መንገድ በሰው ይሞላል፤ የመንገዱ ዳር መንደሮች ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ሆይ፣ መርፌና ካርድ ይዛችሁ በዚያ መንገድ ዳር ለመቆም ፈቃዱን አሁኑኑ ጠይቁ። ውሻ የሚይዝላችሁ ሰው ካጣችሁ አምስታችን እንመጣለን።