ጉምቦ ዝናብ ሲያባራ፣ ኮሎራዶ በረዶ ሲጥል

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የጉምቦ ጠባይ ይለወጣል። ከሚያዝያ ጀምሮ ሲወርድ የከረመው ዝናብ መጀመሪያ ቀን ይዘላል፣ ከዚያ ሳምንት ይዘላል፤ ነፋሱም ፊቱን አዙሮ ከሰሜን መምጣት ይጀምራል። ሌሊት አምፖሉን ከብቦ ይርመሰመስ የነበረው ነፍሳት ይጠፋል። ማለዳ ላይ የሚቃጠል የደረቅ ሳር ጭስ ይሸታል። ጎረቤቴ የባሪ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ አንድ ቀን ጠዋት ደጇን ስትጠርግ ቀና ብላ ሰማዩን ታይና «ኸሪፍ ኻላስ» ትለኛለች። ዝናቡ አለቀ ማለቷ ነው። ያን ቀን ፊቷ ላይ የማየው ደስታ እኛ አደይ ሲፈነዳ ከሚሰማን ደስታ አይተናነስም።

ጉምቦ ከጁባ መሀል ከተማ ነጭ ዓባይን ተሻግሮ በስተምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ወደ ዩጋንዳ ድንበር የሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር የኒሙሌ አስፋልት የሚያልፈው በዚህ ነው። ጁባ የምትበላው ዱቄትና ዘይት፣ የምትሠራበት ሲሚንቶ፣ መኪናዋ የሚጠጣው ነዳጅ አብዛኛው በዚህ መንገድ ይመጣል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. በጃፓን እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ እስኪከፈት ድረስ ያ ሁሉ ጭነት ወደ ከተማው የሚገባው በአንድ አሮጌ የብረት ድልድይ ነበር። አዲሱም ድልድይ ቢሆን ሥራው በጦርነት ምክንያት ተቋርጦ እየተቀጠለ ነው የተጠናቀቀው።

እኔ ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ሾፌሮች ናቸው፤ ዩጋንዳዊ፣ ኬንያዊ፣ ሶማሌ፣ ኤርትራዊ፣ የኛም ልጆች። አስፋልቱ ክረምት ከበጋ ይሠራል። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሰፈር የሚገባው መንገድ ግን በዝናብ ወራት ጎማ ይውጣል፤ ውሃ የሚያድለው ቦቴ ደጃችን አይደርስም፣ ከሰል ይወደዳል። እንጀራ የምጋግረው በከሰል ስለሆነ የከሰል ዋጋ ሲንር ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ኅዳር ሲገባ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀላል። ከሰል ጫኞቹ በብስክሌት ከገጠር ይመጣሉ፣ የወንዙ ዳር ጡብ ጣዮች ምድጃቸውን ይለኩሳሉ፣ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ወፎች በሰማዩ ላይ ይታያሉ። ለጉምቦ ሰው የዓመቱ በር የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ስልኬ የሚጮኸውም በዚሁ ሰሞን ነው። የወንድሜ ልጅ የምትኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እኔ ዘንድ ሲመሽ እሷ ዘንድ ቀኑ ገና መጀመሩ ነው። «አክስቴ፣ ከፈቱት!» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። የከፈቱት አራፓሆ ቤሲን የሚባለውን የበረዶ ሸርተቴ ተራራ ነው። ከኮሎራዶ ተራሮች ቀድሞ ለመከፈት በየዓመቱ ከሚሽቀዳደሙት አንዱ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥቅምት ሳያልቅ ሥራ ይጀምራል። ወደዚያ ለመድረስ ከዴንቨር በትልቁ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ በ3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ የሚያልፈው የአይዘንሃወር ዋሻ አጠገብ ሲደርስ እሷ ተገንጥላ በሎቭላንድ መተላለፊያ በኩል ትሻገራለች።

አባቷ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ በዚህ ነገር አይደሰትም። «እታለም፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ብርድ ውስጥ ይገባል?» ይለኛል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችንም እንደሱ ናቸው፤ ስኪ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ ልጆች አይሆንም ይላሉ። እኔ ግን ከልጅቱ ጋር ነኝ። ከዘመዱ ሁሉ የእሷ ደስታ በደንብ የሚገባኝ እኔ፣ በረዶ በማይታወቅበት አገር የምኖረው፣ ነኝ ብል ማጋነን አይደለም።

መጀመሪያ ላይ የሚከፈተው አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ ዙሪያው ገና ቡናማ ሣርና ድንጋይ ነው። በረዶውም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድና አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ውሃን ከታመቀ አየር ጋር የሚረጩ ማሽኖች የሚሠሩት ነው። ሰዉ በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ተሰልፎ ይወርዳል። የወንድሜ ልጅ ለእነዚህ ሳምንታት ብቻ የምታወጣው አሮጌ ስኪ አላት፤ ስሱ በረዶ ሥር ድንጋይ ስለሚኖር አዲሱ እንዳይቧጨር ነው። አንድ ጊዜ ገልብጣ በቪዲዮ አሳየችኝ። ከሥሩ ረጃጅም ጭረቶች አሉ፣ አንዱ እስከ ብረቱ ጠርዝ ድረስ የዘለቀ፤ የቀለጠ ፕላስቲክ እያንጠባጠበች የሞላችው ቦታም ይታያል። እያንዳንዱን ጭረት የት ቁልቁለት ላይ እንዳገኘችው ታውቀዋለች። ያን ስትነግረኝ ምጣዶቼን አሰብኩ፤ የትኛው የት እንደተሰነጠቀ እኔም አውቃለሁና።

ዋናው በዓል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የተነሳው እርጥበት ብዙ ተራራ ተሻግሮ ኮሎራዶ ሲደርስ አየሩ ደርቋል፣ ቀዝቅዟል። የሚወርደው በረዶ ቅንጣቱ ሳይሰባበር፣ በመካከሉ አየር እንደያዘ ይከመራል፤ አንዳንዴ ከ15 ሴንቲሜትር በረዶ የሚገኘው ውሃ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይህን ነው ፓውደር የሚሉት። በሱ ላይ የሚወርድ ሰው መሬት አይነካም፣ ድምፅም አይሰማም፤ በየመታጠፊያው ብናኙ እስከ ደረት ይነሣል። የወንድሜ ልጅ ይህን ስትገልጽ ቃል ያጥራታል፣ አማርኛዋ ሲያልቅ በእጇ ታሳየኛለች። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል ካደረ ማንም ሳይቀድማት ለመድረስ ከንጋት በፊት ትነሣለች።

በረዶ ለእኛ ባዕድ ነው የሚለውን ነገር አልቀበልም። እኔና ወንድሜ ያደግነው ደባርቅ ነው። ከጃናሞራ ወደ ገበያ የሚወጡ ሰዎች በክረምት ስለ ተራራው «ቧሂት ነጥቷል» ሲሉ እንሰማ ነበር። ስሜን ተራሮች ላይ በረዶው የማይቆየው ብርዱ አንሶ አይደለም። እርጥበት የሚመጣው በክረምት ነው፤ ሌሊቱ እጅግ በሚበርድበት በበጋ ደግሞ ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም ኃይለኛ ነው። የበረዶው ታሪክም ቢሆን ጥንታዊ ነው። አዱሊስ ወደብ ላይ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን በግሪክኛ አስቀርጾ ነበር፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ ባያስቀረው ጠፍቶ ይቀር ነበር። ንጉሡ ስለ ስሜን ሲናገር ውርጩንና እግር እስከ ጉልበት የሚሰጥምበትን በረዶ ያነሣል። ጉልበት ድረስ! ይህን ለወንድሜ ልጅ ስነግራት ጮኸች፤ ሰው ሁሉ የሚመኘው ጥልቀት ነው አለችኝ።

ሮቤል ተክለማርያምም አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ገብቶ፣ ኒውዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ስኪ ተማረ። ከዚያ በየካቲት 1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ፣ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይም ባንዲራውን ይዞ ገባ። በረዶ በሌለበት አገር ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ከፊት አልጨረሰም፤ እኔ ግን ከብዙ ሜዳሊያ ይልቅ የእሱን ነገር ለልጆች ማውራት እመርጣለሁ። ሁለት አገር ያለው ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ መቆም እንደሚችል አሳይቷልና።

እኔንና የወንድሜን ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያገናኘን ግን ዝግጅቱ ነው። እሷ ነሐሴ ላይ ጋራዥ ውስጥ ስኪዋን ሰም ትቀባለች፣ ጉልበቷን ለማጠንከር ደረጃ ትሮጣለች። እኔም በዚያው ወር ዝናቡ ሳያልቅ ከደጄ እስከ አስፋልቱ ያለውን ጉድጓድ በተሰባበረ ጡብ አስሞላለሁ፣ ቆርቆሮውን አስጠግናለሁ። ወቅቱ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ለጠበቀው ሰው ነው ደስታው። እኔ ጁባ እንግድነቱ የለቀቀኝ ሰነድ ሳገኝ አልነበረም፤ እንደ ጎረቤቴ ሰማይ እያየሁ ኅዳርን መጠበቅ ስጀምር ነው። ልጅቱም ተራራዋን መጠበቅ ስትጀምር አገር አግኝታለች። ወላጆቿ ይህን ሊነጥቋት አይገባም።

ፍርሃት የለኝም ግን አልልም። በጥቅምት የወረደው በረዶ ጥላ ባለበት ገደል ላይ ሳይቀልጥ ይቆያል። መሬቱ ሞቅ ብሎ፣ ከላይ አየሩ ሲበርድ፣ ቅንጣቱ እየተለወጠ እርስ በርሱ የማይያያዝ ጥራጥሬ ይሆናል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከባድ በረዶ ሲጫንበት ያ ደካማ ንጣፍ ይከዳል፣ ናዳ ይሆናል። ኮሎራዶ በዚህ ሰው ትገብራለች። ከተከለለው የስኪ ሜዳ ውጭ እንዳትወጣ፣ ከወጣችም የናዳ ሥልጠናውን ሳትጨርስ እንዳይሆን አስምያታለሁ። የኔም ወቅት ሁልጊዜ ደግ አይደለም፤ ኅዳር ያስደሰተን ፀሐይ የካቲትና መጋቢት ላይ ያቃጥላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸውን ስተው መውደቅ ሲጀምሩ ደግሞ ተዘጉ። ያን ጊዜ ቡኾው አንድ ሌሊት ሳይሞላው ይኮመጥጣል፣ ምጣድ የምጥደው ጎሕ ሳይቀድ ነው። እሷ ዘንድ ያው መጋቢት ብዙ በረዶ ከሚጥልባቸው ወራት አንዱ ነው።

ወንድሜ ዘንድሮ አብሯት ሊወጣ ተስማምቶ ሄደ። ስኪ አላደረገም፤ የወንበር ሊፍቱ እስከሚያደርሰው ድረስ ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ደወለልኝ። የተራራው ጫፍ 3,978 ሜትር መሆኑን፣ ራስ ደጀን ከዚያም ከ500 ሜትር በላይ እንደሚበልጥ ለልጁ እያስረዳ ነበር፤ እሷም ከጎኑ ሆና መቼ ነው የምታሳየኝ ትለው ነበር። ጥር ለእሷ የበረዶ ወር ነው፤ ግን ትታው ለመምጣት ቃል ገብታለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጥምቀት በኋላ እኔ ከጁባ፣ እነሱ ከዴንቨር ተነሥተን ደባርቅ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።