ከእንሰት ጉድጓድ የሚጀምር ምህንድስና

አርባ ምንጭ ላይ ቆሞ ስለ ውኃ አለማሰብ አይቻልም። ከአፋፉ ሲያዩት በአንድ ወገን ቀላ ያለው አባያ፣ በሌላው ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፤ ከሥር ጫካው ውስጥ ደግሞ ለከተማዋ ስሟን የሰጡት ምንጮች። በ1979 ዓ.ም. እዚህ የተከፈተው ከፍተኛ ተቋም የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መሆኑን ሳስብ፣ ያን የወሰኑትን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ብዙ ዘርፍ ቢጨምርም፣ መነሻው ምድሩ ራሱ ያነሳው ጥያቄ ነበር።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በሙያዬም ኬሚካል መሐንዲስ ነኝ። ትምህርት ከምድሩ ጥያቄ ይነሳ የሚለው ሐሳብ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ስወጣ አልለቀቀኝም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ ሙዙና ማንጎው ከኋላ ይቀራል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እንሰትና ቀርከሃ ብቻ። አንዲት እናት ግቢ ገባሁ። የእንሰቱን ግንድ በጣውላ ላይ አጋድመው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ። የተፋቀው ተብላልቶ ቆጮ እንዲሆን በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል።

«እናቴ፣ መድረሱን በምን ያውቃሉ?»

«ሽታው ይነግረኛል። እጄም ያውቀዋል። ብርድ ሲሆን ይዘገያል፣ ልጄ።»

ሙቀት ሲቀንስ ኬሚካላዊ ለውጥ እንደሚዘገይ እኔ በቀመር ነው የተማርሁት። የተማርንባቸው ምሳሌዎች ግን በአብዛኛው ከነዳጅ ማጣሪያ የተወሰዱ ነበሩ፤ ስለ ቆጮ ጉድጓድ የነገረን መምህር አልነበረም። ጥናት ጠፍቶ አይደለም። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ቆጮ መብላላት ባሳተመው ጥናት፣ ሊዩኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያ ሥራውን እንደሚጀምር፣ አሲዱ እየበረታ ሲሄድም ላክቶባሲለስ እንደሚረከበው አሳይቷል። የባዮሎጂ ባለሙያው ድርሻውን ተወጥቷል። የመሐንዲሱ ድርሻ ከዚያ ይቀጥላል፦ ሙቀቱ እንዴት ይጠበቅ? ፈሳሹ ሲጨመቅ አብሮት የሚሄደው ስታርች እንዴት ይትረፍ? ወራት የሚፈጀው ሥራ ጣዕሙ ሳይበላሽ ምን ያህል ሊያጥር ይችላል?

በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በእንሰት ላይ ምርምር ያካሂዳል፤ ደስ ይለኛል። ጥያቄው ወደ መሐንዲሶች ትምህርት እንዲገባ ግን የክፍል ኃላፊዎች ያስፈልጋሉ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ኮርስ ከማደላደልና ደብዳቤ ከመፈረም ያለፈ ነው። ተመራቂው በየትኛው ጥያቄ ላይ ወጣትነቱን እንደሚያሳልፍ የሚወስነው ኃላፊው ነው። የኬሚካል ሪአክተር ትምህርት የሚያስተምር ክፍል ሁሉ፣ አዲስ አበባ አምስት ኪሎም ይሁን ባሕር ዳር፣ ቢያንስ አንድ ተማሪውን በየዓመቱ ቴርሞሜትርና ፒኤች መለኪያ አስይዞ እንዲህ ያለ ግቢ ይላክ። ለሚያስተምሩት እናትም፣ ለመምህር እንደሚከፈለው ሁሉ፣ ክፍያቸው በምርምሩ በጀት ውስጥ ይያዝ።